ስም ብቻውን አይሄድም

በዚህ ዓምድ ስለ ክትባት፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ሕፃናት አመጋገብ ብዙ ተጨዋውተናል። ዛሬ ከለመድነው ወጣ ብለን ስለ ጃፓንኛ እናወራለን። «ጡረታ የወጣ ነርስን ከጃፓንኛ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ አትጠፉም። ያገናኘን የልጅ ልጅ ነው።

የልጅ ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። በጃፓን የካርቱን ፊልሞች የጀመረው ፍቅሯ አድጎ፣ አሁን የጃፓን መንግሥት በኤምባሲው በኩል በሚሰጠው የትምህርት ዕድል ላይ ዓይኗን ጥላለች። በዚህ ዕድል ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚሄዱ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ እዚያ ሲደርሱ መጀመሪያ አንድ ዓመት ቋንቋ ይማራሉ። እሷ ግን ባዶ እጇን መሄድ አልፈለገችም፤ ማታ ማታ የትምህርት ቤት ሥራዋን ስትጨርስ ጃፓንኛ ታጠናለች።

ደብተሯ አራት ገጽ ሙሉ የስም ዝርዝር ነበር። ድመት፣ ውሃ፣ መጽሐፍ፣ መድኃኒት፣ ሆስፒታል፤ በግራ አማርኛው፣ በቀኝ ጃፓንኛው። እየጠራሁ ስጠይቃት አንዱንም አትስትም። «እስቲ በሁለቱ ቃላት ዓረፍተ ነገር ሥሪ» ስላት ግን ዝም አለች። ሁለት ወር ለፍቶ አንድ ዓረፍተ ነገር መሥራት ያቃተው ልጅ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ፤ «እኔ ቋንቋ አይሆንልኝም» ይላል። ቤት ያለነው ትልልቆች ደግሞ ይህን ስንሰማ «ታዲያ አርፈሽ ሂሳብሽን አጥኚ» ለማለት እንቸኩላለን። ስንት ጥሩ ሐሳብ እንዲህ ሆኖ ቀርቷል።

ጊዜ ስላለኝ አብሬያት መጻሕፍቱን አገላበጥኩ። አስተማሪዋንም ጠየቅሁ። የደረስኩበት ነገር አንድ ነው፦ በጃፓንኛ ስም ራሱ ፈጽሞ አይለወጥም፤ ሥራውን የሚሠሩለት በዙሪያው ያሉት ናቸው። ከኋላው የምትከተለው ትንሽ ቃል፣ የሚቆጠርበት መንገድና የሚነገርበት ሰው ስሙን ሙሉ ያደርጉታል። ስለዚህ ስምን ብቻውን በዝርዝር መሸምደድ ልብስ ሳይገዙ ቁልፍ እንደ መሰብሰብ ነው። ይህን የተረዳ ወላጅ አንድም የጃፓንኛ ቃል ሳያውቅ ልጁን ሊረዳ ይችላል።

ስሙ የማይነግረን

ኔኮ ማለት ድመት ነው። አንድ ድመት ኔኮ ነው፤ አሥር ድመቶችም ኔኮ ናቸው። ወንዱም ሴቷም፣ ጎረቤት ያለችው የምናውቃት ድመትም፣ አይተናት የማናውቃትም ያው ኔኮ ናት። በጃፓንኛ ስም ፆታ የለውም፤ አንድና ብዙ የሚለይበት መደበኛ ቅርጽ የለውም፤ «ድመቷ» እና «አንዲት ድመት» የሚለውን ልዩነትም በራሱ ላይ አያሳይም።

እኛ ስምን ሳናለብስ ከቤት አናወጣውም። «ልጅ» ብለን እንጀምርና ልጁ፣ ልጅቷ፣ ልጆቹ፣ ልጆቻችን እንላለን። ግሡም ይከተለዋል፤ መጣ፣ መጣች፣ መጡ። ጃፓንኛው «ሴንሴይ ጋ ኪማሽታ» ብሎ ያልፋል። ሴንሴይ መምህርም ሐኪምም የሚከበርበት መጠሪያ ነው፤ ኪማሽታ «መምጣት» የሚለው ግሥ ኃላፊ ጊዜ ነው። መምህሩ መጣ ይሁን፣ መምህርቷ መጣች ይሁን፣ መምህራኑ መጡ ይሁን ዓረፍተ ነገሩ አይናገርም። የሚሰማው ሰው ከጨዋታው ይረዳል።

ልጆቻችን እዚህ ላይ ይጨነቃሉ። «ብዙ ቁጥሩ ምንድን ነው?» እያሉ የሌለ ነገር ይፈልጋሉ። የለም ብለን ማሳረፍ አለብን። ይልቅ የራሳችንን አማርኛ እናስታውሳቸው። «ሦስት እርሳስ ገዛሁ»፣ «አምስት ልጅ አላት» እንል የለም እንዴ? ቁጥሩ ከተጠራ በኋላ «እርሳሶች» ማለት የግድ አይደለም። ጃፓንኛ ይህንን በሁሉም ቦታ ያደርገዋል ማለት ነው።

ብዙነትን የሚያሳዩ ጥቂት መንገዶች ግን አሉ። አንዱ ለሰው የሚቀጠለው «ታቺ» ነው። ኮዶሞ ልጅ ነው፤ ኮዶሞታቺ ልጆች ማለት ነው። ይህ ታቺ በሰው መጠሪያ ስም ላይ ሲመጣ ይበልጥ ያስደስታል። «ታናካ ሳን ታቺ» ሲባል ታናካ የሚባሉ ብዙ ሰዎች ማለት አይደለም፤ ታናካና አብረውት ያሉት ማለት ነው። በአማርኛ «እነ ታናካ» የምንለው! እንግሊዝኛ ለዚህ አንድ ቃል የለውም፤ ለእኛ ግን «እነ አበበ መጡ» የዕለት ንግግር ነው። ሌላው መንገድ ቃሉን መድገም ነው። ሂቶ ሰው ነው፣ ሂቶቢቶ ሰዎች፤ ያማ ተራራ ነው፣ ያማያማ ተራሮች። እኛም «ትልልቅ»፣ «ረጃጅም» ስንል ግማሹን እንደግማለን። ይህ ግን በጥቂት የታወቁ ቃላት ላይ ብቻ ስለሚሠራ ልጆች በፈለጉት ስም ላይ እንዳይሞክሩት።

ፆታ የሌለው ስም ሌላ ክፍፍል ግን አለው። «አለ» ለማለት ጃፓንኛ ሁለት ግሥ ይጠቀማል። ሰውና እንስሳ ሲሆን «ኢማስ»፣ ዕቃና ተክል ሲሆን «አሪማስ» ነው። ኔኮ ጋ ኢማስ፣ ድመት አለ። ሆን ጋ አሪማስ፣ መጽሐፍ አለ። ዛፍ ሕይወት ቢኖረውም ከቦታው ስለማይነቃነቅ አሪማስ ይባልለታል።

ከኋላ የምትመጣዋ ትንሽ ቃል

ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ይህን ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ፦

ሶፉ ዋ ማይአሳ ኩሱሪ ኦ ኖሚማስ።
አያቴ በየጠዋቱ መድኃኒት ይወስዳሉ።

ሶፉ «አያቴ» ነው፣ ማይአሳ «በየጠዋቱ»፣ ኩሱሪ «መድኃኒት»፣ ኖሚማስ «ይወስዳሉ»። ቃላቱን በየተራ ብታስቀምጧቸው ቅደም ተከተሉ ከአማርኛው ጋር አንድ ነው። ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጃፓንኛ ሲጀምር ከሁሉ በፊት የሚታገለው ይህንን ነው፤ የእኛ ልጅ ግን እናቷ ቤት ተምራዋለች። ይህን ለልጆቻችን መንገር ትልቅ ስጦታ ነው፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ ጃፓንኛን በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ስለሚማሩ እንግሊዝኛውን አልፈው ወደ ጃፓንኛው ለመድረስ ሁለት ጊዜ ይደክማሉ። በቀጥታ ከአማርኛ ይሻገሩ።

በመሃል ያሉት «ዋ» እና «ኦ» ስሙ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ምን ሥራ እንዳለው የሚናገሩ ተቀጽላዎች ናቸው። ብዙዎቹ ለእኛ እንግዳ አይደሉም፦

ኖ እንደ እኛ «የ» ናት። ሴንሴይ ኖ ካባን ማለት የመምህሩ ቦርሳ ነው። ባለቤቱ ይቀድማል፣ ንብረቱ ይከተላል፤ የእኛ «የ» ከፊት ስትቆም የእነሱ «ኖ» ከኋላ ትቆማለች፣ ልዩነቱ ይኸው ነው።
ሞ እንደ እኛ «ም» ናት። ዋታሺ እኔ ነው፤ ዋታሺ ሞ ደግሞ እኔም።
ካራ «ከ» ናት፣ ማዴ «እስከ»። ኢኤ ካራ ኤኪ ማዴ፣ ከቤት እስከ ባቡር ጣቢያ።
ዴ «በ» ናት። ባሱ ዴ፣ በአውቶቡስ። ሥራ የሚሠራበትን ቦታም ታሳያለች። አንድ ሰው ወይም ዕቃ መኖሩን ብቻ ስንናገር ግን ቦታው «ኒ»ን ይዞ ይመጣል።
ቶ በሁለት ስሞች መካከል «እና»፣ በሰው ላይ ስትቀጠል «ጋር» ትሆናለች።

ኦ የእኛን «ን» ትመስላለች፤ የሚደረግበትን ነገር ታመለክታለች። ነገር ግን እዚህ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እኛ «መጽሐፍ ገዛሁ» ስንል ን የለም፤ «መጽሐፉን ገዛሁ» ስንል ግን ን ይመጣል፤ የታወቀ ነገር ሲሆን ነው የምንጨምረው። ጃፓንኛ ይህን አይለይም። የታወቀም ይሁን ያልታወቀ፣ በትክክለኛው አነጋገር ኦ ትገባለች። በወሬ መካከል ሊውጧት ይችላሉ፤ ተማሪ ግን መጀመሪያ ማስገባቱን ይልመድ።

ሁሉንም ተማሪ የምታስቸግረው ዋ እና ጋ ናቸው። ስለ እነሱ ወፍራም መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ እኔ ለልጅ ልጄ ያስረዳሁት በእኛዋ «ስ» ነው። ቤት ገብተን «ድመቷስ?» ብለን እንጠይቃለን። በጃፓንኛ «ኔኮ ዋ?» ነው። ማለትም ዋ «ስለዚህ ነገር እናውራ» ብላ የምናውቀውን ነገር መሃል ታስቀምጣለች። ጋ ደግሞ «ማን?» ለሚለው መልስ ትሰጣለች። ዳሬ ጋ ኪማሽታ ካ? ማን መጣ? ሶፉ ጋ ኪማሽታ፤ የመጡት አያቴ ናቸው። «ማን» እና «ምን» የሚሉት መጠይቆች የድርጊቱ ባለቤት ሲሆኑ ጋን እንጂ ዋን አይከተሉም፤ የማናውቀውን ነገር «ስለ እሱ እናውራ» ማለት አይቻልምና። በዚህ ብቻ የተማሪው ግማሽ ጭንቀት ይቀላል።

ሲታመሙ

ልጅ ባዕድ አገር ሲሄድ የእናት የመጀመሪያ ጥያቄ «ቢያማትስ?» ነው። የእኔም ጥያቄ እሱ ነበርና የሕመሙን አነጋገር አስቀድሜ አስጠናኋት።

በአማርኛ «ራሴን አመመኝ» እንላለን። ራስ ን ይይዛል፣ ባለቤትነቱም ይነገራል፣ ግሡም «ኝ» ብሎ በእኔ ላይ ይደርሳል። ጃፓንኛው «አታማ ጋ ኢታይ ዴስ» ነው። አታማ ራስ ነው፣ ኢታይ «የሚያም» ማለት ነው። «የእኔ» የለም፤ የሚያመውን የሚናገረው ሰው ስለሆነ የማን ራስ እንደሆነ የታወቀ ነው። ኦ ደግሞ ፈጽሞ አትገባም፤ ጋ ናት። በአማርኛ የለመደ አፍ «ራሴን» ብሎ ኦን ሊያስገባ ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ አማርኛችን ስለማይረዳ አስቀድሞ መለማመድ ነው። ሆድ ከሆነ ኦናካ ጋ ኢታይ ዴስ፤ ጥርስ ከሆነ ሃ ጋ ኢታይ ዴስ። የሰውነት ክፍሎችን ስም ብቻ የሸመደደ ልጅ ሐኪም ፊት በጣት እያመለከተ ይቆማል። ከነ ጋው የያዘ ግን ይናገራል።

የድምፅ ርዝመትም ነገር አለ። ሆስፒታል «ብዮኦይን» ነው። «ቢዮኦይን» ግን የውበት ሳሎን ነው። በመካከላቸው ያለችው አንዲት ትንሽ «ኢ» ብቻ ናት። የታመመ ልጅ ፀጉር ቤት በር ላይ እንዳይቆም ጮክ ብሎ እያነበበ ይለማመድ።

ሆስፒታሉን አግኝቶ፣ ታክሞ፣ መድኃኒቱን ተቀበለ እንበል። የመድኃኒቱ ከረጢት ላይ የሚጻፈው ግሥ የሌለው የስም ድርድር ነው፦ ኢቺኒቺ ሳንካይ፣ ሾኩጎ፣ ኒጆ። በቀን 3 ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ፣ 2 ፍሬ። ሾኩጎ ሁለት የቻይና ፊደላት ተጣብቀው የሠሩት ስም ነው፤ ሾኩ መብላት፣ ጎ በኋላ። ሾኩዜን ከምግብ በፊት ነው። ሦስተኛው ሾካን ነው፤ ሁለተኛው ፊደል «መካከል» ማለት ነው። ይህን የሚያነብ ሰው «በምግብ መካከል፣ እየበላሁ» ብሎ ሊረዳው ይችላል። ትርጉሙ ግን በአንዱ ማዕድና በሚቀጥለው ማዕድ መካከል ነው፤ ከበሉ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ሆድ ባዶ ሲሆን። ጃፓናውያን ራሳቸው ሳይቀሩ የሚሳሳቱበት ቃል ነው። አማርኛውም «በምግብ መካከል» ቢባል ሁለቱንም ስለሚመስል፣ ልጆቻችሁ ወደዚያ የሚሄዱ ከሆነ ይህችን ቃል ጽፋችሁ ስጧቸው። መድኃኒት በሰዓቱ ካልተወሰደ ምን እንደሚሆን በዚህ ዓምድ ደጋግመን ተነጋግረናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ኖሚማስ ያልነው ግሥ ዋና ትርጉሙ መጠጣት ነው። ጃፓኖች ክኒንንም «ይጠጣሉ»። ኩሱሪ የሚለውን ስም የሚያጠና ልጅ «ኩሱሪ ኦ ኖሙ» ብሎ ከነ ግሡ ካልያዘው «መውሰድ» የሚለውን ቃል ከመዝገበ ቃላት አውጥቶ የማይባል ነገር ይላል።

አንድ ፍሬ፣ አንድ እስር

አሁን ደግሞ ወደ ቆጠራ። በጃፓንኛ ቁጥር በቀጥታ ስም ላይ አይለጠፍም፤ በመካከሉ መቁጠሪያ ቃል ይገባል። መቁጠሪያው የሚመረጠው በነገሩ ዓይነትና ቅርጽ ነው። ረዥምና ድቡልቡል የሆነ፣ እንደ እርሳስ፣ ጠርሙስና ሙዝ ያለ በ«ሆን» ይቆጠራል። ስስና ጠፍጣፋ የሆነ፣ እንደ ወረቀት፣ ሸሚዝና የአፍ መሸፈኛ ያለ በ«ማይ» ነው። መጽሐፍ በ«ሳትሱ»፣ መኪናና ማሽን በ«ዳይ»፣ በስኒና በብርጭቆ ያለ ነገር በ«ሃይ»፣ ድመትና ውሻን የመሰለ ትንሽ እንስሳ በ«ሂኪ»፣ እንደ በሬ ያለ ትልቅ እንስሳ በ«ቶኦ»፣ የመድኃኒት ክኒን በ«ጆ»። መርፌ መወጋትም በ«ሆን» ነው የሚቆጠረው፤ ይህን ሳነብ እንደ ነርስ ፈገግ አልኩ።

«ይህ ሁሉ ለምን?» ያለች እንደሆነ ወደ ገበያ ውሰዷት። አንድ እስር ጎመን፣ ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት ፍሬ ብርቱካን፣ ሦስት ስኒ ቡና፣ አንድ ጥማድ በሬ እንላለን። «አንድ ጥማድ ጎመን» ያለ ሰው ሁላችንንም ያስቀናል፤ በሳቅ ማለቴ ነው። ጆሯችን የሚስማማውን ያውቀዋል። ልዩነቱ እኛ ለጥቂት ነገሮች የምናደርገውን ጃፓኖች ለሁሉም ነገር ማድረጋቸው ነው።

አስቸጋሪው የድምፁ መለዋወጥ ነው። አንድ እርሳስ ኢፖን፣ ሁለት ኒሆን፣ ሦስት ሳንቦን ነው፤ ሆን የሚለው ቃል ጶ፣ ሆ፣ ቦ ይላል። አንድ ስኒ ኢፓይ፣ ሁለት ኒሃይ፣ ሦስት ሳንባይ። አካሄዱ አንድ ዓይነት ስለሆነ እንደ መዝሙር እየደጋገሙ በአፍ መለማመድ ይሻላል። ሰው ሲቆጠር የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለብቻቸው ናቸው፤ ሂቶሪ አንድ ሰው፣ ፉታሪ ሁለት ሰው፣ ከዚያ በኋላ ሳንኒን፣ ዮኒን እያለ ይቀጥላል። «ሂቶሪ ዴ» ከተባለ ደግሞ «ብቻዬን» ማለት ነው።

መቁጠሪያው ለጠፋበት ጀማሪ መሸሸጊያ አለ። ሂቶትሱ፣ ፉታትሱ፣ ሚትሱ እያለ እስከ አሥር የሚሄደው ቆጠራ ለብዙ ዕቃ ያገለግላል። ሱቅ ገብቶ በዚህ የቆጠረ ልጅ ይሰማል፤ ማንም አይስቅበትም። ሰውን ግን በዚህ አይቆጥሩም።

ቦታውም ልብ ይባል። «ኤምፒትሱ ኦ ሳንቦን ኩዳሳይ» ሲባል «እርሳስ ሦስት ስጡኝ» እንደ ማለት ነው። ቁጥሩ ከስሙና ከኦ በኋላ፣ ከግሡ በፊት። «እንጀራ ሁለት ጨምሪልኝ» የምትል እናት ይህን ያለ መጽሐፍ ታውቀዋለች።

እናቴና እናትዎ

ወላጆችንና አያቶችን ይበልጥ የሚነካው የዘመድ ስም ነው። ጃፓንኛ ለእያንዳንዱ ዘመድ ሁለት ስም አለው። ስለ ራሴ እናት ለውጭ ሰው ስናገር «ሃሃ» እላለሁ። ስለ እርስዎ እናት ሲሆን «ኦካኣሳን»። እናቴን ስጠራትም «ኦካኣሳን» ነው። አባትም እንደዚሁ፤ ቺቺ አባቴ ነው፣ ኦቶኦሳን አባትዎ፣ ወይም «አባዬ» ብሎ መጥሪያ። ሶፉና ሶቦ ወንድ አያቴና ሴት አያቴ ናቸው፤ ኦጂኢሳንና ኦባኣሳን ደግሞ የእርስዎ አያቶች፣ ወይም መጥሪያ። ቤተሰብ ራሱ የእኔ ሲሆን ካዞኩ፣ የእርስዎ ሲሆን ጎካዞኩ ነው።

እኛም «እናቴ» ብለን እናወራለን፣ «እማዬ» ብለን እንጠራለን፤ ስለዚህ ሁለት ስም መያዙ አይገርመንም። የሚገርመን አክብሮቱ ነው። እኛ ስለ አባታችን ለሰው ስንናገር «አባቴ መጡ» ብለን ከፍ እናደርጋለን። ጃፓኖች የራስን ወገን በሌላ ሰው ፊት ዝቅ ማድረግን ነው ጨዋነት የሚሉት። «ቺቺ ጋ ኪማሽታ» ሲሉ ለአባታቸው የአክብሮት ግሥ አይጨምሩም። የሌላው አባት ሲሆን ግን «ኦቶኦሳን ጋ ኢራሻይማሽታ» ይላሉ፤ ግሡም ስሙም ይከበራል። ልጃችሁ ጃፓንኛ ስታወራ ስለ እናንተ ያለ አክብሮት የተናገረች ቢመስላችሁ አትቆጡ። እንግዳውን እያከበረች ነው፤ እናንተን እንደ ራሷ ቆጥራ ነው ዝቅ ያለችው። እቤት ስትመለስ ደግሞ በሙሉ ክብር ትጠራችኋለች።

ወንድምና እህትም በዕድሜ ይለያሉ። ታላቅ ወንድሜ አኒ፣ ታናሽ ወንድሜ ኦቶኦቶ፣ ታላቅ እህቴ አኔ፣ ታናሽ እህቴ ኢሞኦቶ። ሲጠሩ ታላቁን «ኦኒኢሳን»፣ ታላቋን «ኦኔኤሳን» ይሏቸዋል፤ ታናናሾቹን ግን በስማቸው። እኛስ? ታላቅ ወንድማችንን «ጋሼ»፣ ታላቅ እህታችንን «እትዬ» ብለን አድገን የለም? ታናሹን «ታናሼ» ብሎ የጠራ ማን አለ! በዚህ ነገር አዲስ አበባና ኦሳካ ቅርብ ናቸው።

አያቶች ደግሞ ይህን ስሙ። «ኦባኣሳን» አያት ወይም አሮጊት ናት። «ባ» ሳይረዝም «ኦባሳን» ከተባለ አክስት ወይም ጎልማሳ ሴት ማለት ነው። ኦጂኢሳን አያት፣ ኦጂሳን አጎት። አንዲት አናባቢ ያሳጠረ ልጅ አያቱን ሃያ ዓመት ያስቀንሳታል። ለእኛ ባይከፋም ለፈተናው ይከፋል።

ሰውን በስሙ ሲጠሩ «ሳን» ይጨምራሉ፤ በራስ ስም ላይ ግን ማንም «ሳን» አይጨምርም። «አቶ ነኝ» እንደ ማለት ስለሚሆን ነው። የቤተሰብ ስም ይቀድማል፣ የራስ ስም ይከተላል። የእኛን ሰው ግን በራሱ ስም ያስታውሱታል፤ በ1957 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1964) በቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ እዚያ «አቤቤ» ነው። የውጭ ስሞች የሚጻፉበት ካታካና የሚባል ፊደል አላቸው፤ እንደ እኛ ፊደል አንዱ ምልክት አንድ ሙሉ ድምፅ ነው። አበበ በእኛም በሦስት ፊደል፣ በእነሱም በሦስት ፊደል ይጻፋል።

ካይዘንም ስም ነው

ፋብሪካ የሠራ ወይም መሥሪያ ቤት ሥልጠና የገባ ሁሉ «ካይዘን» የሚለውን ቃል ሰምቷል። ካይ መለወጥ፣ ዜን መልካም፤ ማሻሻል ማለት ነው። በጃፓንኛ ይህ ስም ነው። ግሥ ለማድረግ ሲፈልጉ «ሱሩ» የሚል ግሥ ይጨምሩለታል፤ ካይዘን ሱሩ፣ ማሻሻል። ሱሩ የእኛ «አደረገ» ነው። «ቼክ አደረገ»፣ «ሪፖርት አደረገ» እያልን ከውጭ የመጣውን ስም ሁሉ ግሥ እንደምናደርገው ማለት ነው። ቤንክዮኦ ጥናት ነው፤ ቤንክዮኦ ሱሩ ማጥናት። እንዲህ ያለ ስም አንዱን የያዘ ልጅ ግሡንም በነፃ አገኘ።

ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

ዝርዝሩን አንቅደደው፤ እናሟላው። አንድ ስም በተጻፈበት መስመር ላይ ተቀጽላውና ግሡ ይጨመሩ። «ኩሱሪ» ብቻ አይደለም፣ «ኩሱሪ ኦ ኖሙ»። «አታማ» ብቻ አይደለም፣ «አታማ ጋ ኢታይ»። አሥር እንዲህ ያለ መስመር ከመቶ ባዶ ስም ይበልጣል።

ዕቃ ስናቀርብ እናስቆጥር። ቡና ሲቀዳ በሃይ፣ ልብስ ሲታጠፍ በማይ፣ ቤተሰቡ ገበታ ሲቀርብ በሂቶሪ፣ ፉታሪ። ትክክል መሆኑን ባናውቅም የልጁ አፍ ይፈታል፤ ስህተቱን አስተማሪው ያርመዋል።

የቤተሰብ ፎቶግራፍ አውጥተን እያንዳንዱን ዘመድ በሁለት ስሙ እናስጠራ፤ አንድ ጊዜ ለእንግዳ እንደሚናገር፣ አንድ ጊዜ እንደሚጠራ።

የጃፓን ቋንቋ ብቃት ፈተና አምስት ደረጃ አለው፤ ከታች የሚጀመረው በአምስተኛው ነው። ልጆቻችን ከታች ቢጀምሩ አንናቃቸው። የውጭ አገሩ ዕድል ይገኝ አይገኝ በእኛ እጅ አይደለም። ልጁ «አይሆንልኝም» ብሎ ከመተዉ በፊት አጠገቡ ተቀምጦ «ከዚህ ስም ቀጥሎ ምን ይመጣል?» ብሎ መጠየቅ ግን በእያንዳንዳችን እጅ ነው። ይህን ለመጠየቅ ጃፓንኛ ማወቅ አያስፈልግም።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ለመድነው እንመለሳለን፤ በቅዝቃዜ ወራት የሕፃናትን ሳል እንዴት እንደምንከታተል እንጨዋወታለን። እስከዚያው ቸር እንሰንብት።